በባልዲ የመጣ ባሕር

የሱዳኑ ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ወር ከጋላባት ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሻገር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተሸክሞ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ አለ። የልብስ ስፌት መኪና የተሸከመ አለ። አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን ያቀፈች አለች። ምናለ የተሸከመው ግን ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ነበር። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ አንገቱ ላይ ካንጠለጠላት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሞተር ጋር ተያይዟል። ሞተሯ ያለ ማቋረጥ ታቃስታለች። እሱ ባልዲውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ የሚረግጠውን መሬት እያየ፣ ቀስ እያለ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ የሚከራይ ቤት ያውቃሉ?»

«ለስንት ሰው?»

«ለእኔና ለባልዲዬ። ፀሐይ የማይመታው ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም።»

እብድ ነው ብዬ አሰብሁ። በዚያ ሰሞን በድንበሩ ድልድይ በኩል ከመጣው ሰው ውስጥ አእምሮው የተነካ ብዙ አይተናል፤ ባልዲ ማቀፍ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቢሆንም ከሱቄ ጀርባ ካሉት ሦስት ክፍሎች መካከለኛው ባዶ ነበር፣ ፀሐይም አይመታውም። እውነቱን ለመናገር ግን ያከራየሁት በዚህ ብቻ አይደለም። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ ቢሄድ ሳምንት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሰዓዲያ እባላለሁ፤ ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይትና ማሽላ እሸጣለሁ። ሰፈሩ የሚያማኝ በአንድ ነገር ነው፤ የማያገባኝ ነገር የለም ይላሉ። ልክ ናቸው።

ክዳኑን ሲከፍተው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከታች ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ተቀምጧል። ብርቱካን መልክ ያላቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ጥግ ላይ ተለጥፈዋል። የዛጎል ቤታቸውን የተሸከሙ ሦስት አራት ትንንሽ ሸርጣኖች አሉ። ከድንጋዩ ላይ ደግሞ ጣት ጣት የሚያካክሉ ፈዛዛ ሮዝ ግንዶች ወጥተዋል፤ በየግንዱ አናት ላይ ጥቃቅን መዳፎች አሉ። እያንዳንዱ መዳፍ ስምንት ጣት አለው። መዳፎቹ ይከፈታሉ፣ ይጨብጣሉ። ይከፈታሉ፣ ይጨብጣሉ።

«ሞተሩ ነው የሚያነቃንቃቸው» አልሁት።

ምናለ ሞተሯን አጠፋት። ውኃው ረጋ። መዳፎቹ መጨበጣቸውን አልተዉም።

«ሱብሃነላህ! ተክል ነው?»

«እንስሳ ነው እትዬ።»

«ምን ይበላል?»

«ብርሃን።»

«ብርሃን የሚበላ እንስሳ የለም፤ አትቀልድብኝ።»

«ውስጡ በዓይን የማይታይ ተክል አለ። ተክሉ ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለእሱም ያካፍለዋል። እንደ ጭሰኛና እንደ ባለመሬት ነው።»

«እሺ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የሚጨብጠው?»

«እሱን ሐጅም አያውቁት» አለ፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

ሐጅ ማን እንደሆኑ የነገረኝ በኋላ ነው፣ እሱም ቀስ በቀስ። ምናለ የጎጃም የሰከላ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ለሰሊጥ አረም ወደ እኛ ቆላ ወረደ። ሸሕዲ ከተማ ላይ ከሌሎቹ አራሚዎች ጋር ተሰልፎ ቆመ፣ አንድ ባለሀብት በትራክተር ተጎታች ጭኖ ወሰደው፣ አረሙም አጨዳውም ካለቀ በኋላ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። ከዚያ ፖርት ሱዳን። እዚያ የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ማቀዝቀዣ መጠገን ለመደ። በሕይወቱ ከሰከላ ምንጭና ከሽንፋ ወንዝ የበለጠ ውኃ አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕር ዳርቻ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

ሐጅ ሙሐመድጣሂር የፖርት ሱዳን ሰው ናቸው፤ ቀድሞ የመርከብ ዕቃ ያስወርዱ ነበር። አንድ ቀን ምናለ የሳሎናቸውን ኤርኮንዲሽነር ሊጠግን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከታች ግድግዳውን የሞላውን የመስታወት ባሕር ሲያይ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሐጁ አልተቆጡም። መሰላሉን ያዙለትና «ውረድ፣ በቅርብ እይ» አሉት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄደ መስታወቱን የሚጠርገው፣ ውኃውን የሚለውጠው እሱ ሆነ።

የሐጁ ባለቤት ዘሀቢያ ይባሉ ነበር። ደም ግፊት ቀኝ እጃቸውን ሲያስርባቸው ሐኪሙ በየቀኑ መቶ ጊዜ ክፈቺ፣ መቶ ጊዜ ጨብጪ አላቸው። ሴትዮዋ ሰለቻቸው። ሰልችቷቸው ሳለ አንድ ቀን ዓይናቸው ከእነዚያ መዳፎች ላይ አረፈ። ወንበራቸውን መስታወቱ ፊት አስቀመጡና መዳፎቹ ሲከፍቱ እየከፈቱ፣ ሲጨብጡ እየጨበጡ ይውሉ ጀመር። መጀመሪያ በሐሳባቸው ብቻ ነበር፤ ጣቶቻቸው አይታዘዙም። በአርባ ቀን አውራ ጣታቸው ተነቃነቀ ይላል ምናለ፤ እሱ ራሱ አጠገባቸው ሆኖ አይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ በሽታ ወሰዳቸው። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ሐጁን ልጃቸው ወደ ካይሮ ልትወስዳቸው ሆነ፤ የግድግዳ ባሕር ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር የለም። ከድንጋዮቹ አንዱን አንሥተው በባልዲ አድርገው ለምናለ ሰጡት።

«አማና ነው፣ አደራ» አሉት። «መዳፎቹን ጠብቅልኝ።»

እንግዲህ ምናለ መተማ ድረስ አቅፎ ያመጣው ይህን ነው። ሐጁ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ስላጠፋው ፎቶ ቢላክላቸውም አያዩም። በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውላሉ፤ ሰላምታው እንዳለቀ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይጨብጣሉ?» ምናለም «ይጨብጣሉ ሐጅ» ይላል። ግድግዳዬ ቀጭን ነው፤ ዓረብኛውን ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በገበያ ስለተማርሁት ሁሉንም እሰማ ነበር።

አሁን እስኪ ባሕርን መተማ ላይ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በሚያዝያ ጥላ ሥር ያለ ሰው የሚቀቀልበት አገር ነው። የእነዚህ ፍጡራን ውኃ ግን ከሠላሳ ዲግሪ ካለፈ ይታመማሉ። ምናለ ከተጣለ የመስኮት መስታወት ትልቅ ሣጥን ሠራ፣ ባልዲውን ገለበጠበት፣ ጨው ውኃ ሞላው፣ ከላይ መብራት ሰቀለበት። ጨው ውኃውን ከፖርት ሱዳን የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች በጀሪካን ያመጡለት ነበር። አንድ ጊዜ ኬላው ላይ ያለ ፈታሽ አንዱን ሾፌር «ምንድን ነው?» ብሎት «የባሕር ውኃ» ቢለው አላመነም፤ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ተፋ። «ይኼንን ሰው ከዚያ ድረስ ያመጣል?» ብሎ አሳለፈው።

የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው በገዛ ሙያው ነው። ውኃውን ለማቀዝቀዝ የአሮጌ ፍሪጅ የመዳብ ቱቦ ጠምጥሞ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። እኔም ጎበዝ ነው አልሁ። በሁለተኛው ቀን ከድንጋዩ ጋር የመጡት፣ መስታወቱን ሲልሱ የነበሩት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ እየለቀቁ አሸዋው ላይ ወደቁ። መዳብ ለእነሱ መርዝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት መዳብ ሲበይድ የኖረ ሰው ይህን አያውቅም ነበር፤ ሐጁ ቤት የነበረው ማቀዝቀዣ ተገዝቶ የመጣ ነው። ቱቦውን ነቅሎ ግማሹን ውኃ ደፍቶ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል መዳብ የሚባል ነገር አይገባም፤ እኔንም ቀለበቴን ሳላወልቅ እጄን እንዳልከት ከልክሎኛል። ለማቀዝቀዣው ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ በአሮጌ ፍሪጅ ሆድ ውስጥ ጠምጥሞ፣ ውኃው በዚያ እየዞረ እንዲመለስ አደረገ። ሠራለት።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ግድግዳ ነው። የሚረጨው ጨው ልስኑን ልጦ ቀለሙን አራገፈው፤ ስለዚህ ጉዳይ ያልተናገርሁት የለም። እሱም «ልክ ነዎት እትዬ» እያለ በየወሩ ይለስነዋል። መልሶ ይረግፋል።

በጣም የተከራከርነው ስለ ውኃ መጨመር ነው። ውኃው በሙቀቱ በየቀኑ ሁለት ጣት ይቀንሳል። እኔ «የባሕር ውኃ ሲጎድል የባሕር ውኃ ነው የሚሞላው» አልሁ። እሱ ግን መስታወቱ ላይ በቀለም መስመር አሥምሮ፣ እስከ መስመሩ ድረስ በክረምት ከቆርቆሮ ያጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ነው የሚጨምረው። «የሚተነው ውኃው ነው። ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል» አለኝ። ሳስበው ልክ ነው፤ ድስት ላይ ሾርባ ሲመጥ ጨው የሚበዛው ለምን ሆነና? ይህን ከእኔ ቀድሞ በማወቁ ትንሽ ተናደድሁ።

በሁለተኛው ዓመት ከግንዶቹ አንዱን በምላጭ ቆርጦ፣ ትንሽ ድንጋይ ላይ አስሮ፣ የወይራ ፍሬ በሚመጣበት ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ሱቄ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

«ይኸ የእርስዎ ነው።»

«ምን ላድርገው? ሱቅ እኮ ነው ያለኝ!»

«ሐጅ ናቸው ያስተማሩኝ። ባሕር ያለው ሰው ከባሕሩ ቆንጥሮ ለጎረቤት ይሰጣል። የእሱ ቢሞትበት ከጎረቤት ይለምናል።»

«እርሾ ነው በለኛ!» አልሁት።

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። «አዎ እትዬ፣ እርሾ ነው።»

እርሾ የተሰጠ ጎረቤት ደግሞ እንቢ አይልም። ማሰሮውን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥሁት። ምናለ የፀሐይ መብራት ላይ የምትሰካ ትንሽ አየር መንፊያ ሞተር ገጠመልኝ። ለሙቀቱ ግን መላ የመታሁት እኔ ነኝ። «ውኃ የምንጠጣበት ዚር በምን ይቀዘቅዛል ብለህ ነው? ሸክላው ሲልብ አይደል?» ብዬ፣ በሸክላ ገንዳ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ማሰሮውን ቀበርሁትና አሸዋውን ጧትና ቀትር አረጥበው ጀመር። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት ላይ ቆመ። ምናለ አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔም በዚህ ተኩራርቼ ቆየሁ፤ የተኩራራሁበት ነገር ነው በኋላ ጉድ ያመጣው።

ባለፈው ሚያዝያ የሽንፋ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ተበላሸና ምናለን ጠሩት። ሰኞ ጧት ሄደ፤ ለማታ እመለሳለሁ ብሎ። እሱ በሄደ በቀትር መብራት ጠፋ። ማታ መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ማክሰኞ ኔትወርኩም ተቋረጠ። ሣጥኑ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ባለቤት ቀረ፤ የተጠባባቂው ባትሪም ማክሰኞ ጧት አበቃ።

ሱቄን ዘጋሁ። ሰዓዲያ ሱቅ በሥራ ቀን ዘግታ አታውቅም፤ እህቴ ረፊቃ ሰው ሞቶብኝ መስሏት እየሮጠች መጣች። ውኃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስሰዋለሁ። ወገቤ ሲደክም ረፊቃ ትተካኛለች፤ እየሰደበችኝ ትተካኛለች። ቴርሞሜትሩ ግን ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያለ ወጣ። መዳፎቹ ቀስ ብለው መጨበጥ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ተከፍተው ይቀራሉ።

ያን ጊዜ ነው ዚሩ ትዝ ያለኝ። እርጥብ ነገር ያቀዘቅዛል። ወደ ጎተራዬ ሄጄ ሦስት የማሽላ ጆንያ አወጣሁ፣ ውኃ አጠጣሁ፣ ሣጥኑን ከላይም ከጎንም አለበስሁት። ጆንያዎቹን ሁሌ አረጥባቸዋለሁ፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የዝናብ ውኃ ስለሆነ ምንም አይደል አልሁ፣ የተነነውን ይተካል። ረቡዕ በቀትር ሙቀቱ ሃያ ዘጠኝ ገባ። ረፊቃን «አየሽ?» አልኋት።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት መጣ፤ ምናለም በገልባጭ መኪና ላይ ተጭኖ አቧራ ሆኖ ገባ። ጆንያውን ገልጦ ሣጥኑን ሲያይ ክው አለ። ሸርጣኖቹ ከዛጎላቸው ወጥተው አሸዋው ላይ ተዘርረዋል። እኔ ያንን አላየሁም፤ ጆንያ አልብሼው ነበር።

«መዳብ ገብቷል» አለ።

«ቀለበቴ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው!»

ቱቦውን መረመረ፣ አሸዋውን በእጁ አበጠረ፣ ሳንቲም ወድቆ እንደሆነ ፈለገ። ምንም የለም። ውኃ ለወጠ። በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሞቱትን ሸርጣኖች ማውጣት ግን አልተቻለም፤ እዚያው በሰበሱና ውኃውን አበላሹት። ዓሦቹን ወደ ባልዲ አዛውሮ አተረፋቸው። ዓርብ ሐጁ ሲደውሉ «ታመዋል ሐጅ» ሲል ሰማሁት። ቅዳሜ መዳፎቹ አንድ በአንድ እየሟሙ ወደ ልጋግ ተለወጡ። እሑድ ድንጋዩ ራቁቱን ቀረ።

ምናለ ባዶው ሣጥን ፊት ተቀምጦ «ሽንፋ ባልሄድ ኖሮ» ይላል።

ሰኞ አንድ ገዢ ማሽላ ፈለገ። ጎተራ ገባሁ፣ ባዶ ጆንያ አንሥቼ እንደ ልማዴ አራገፍሁት። ነጭ ብናኝ በኖ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሽታውን አወቅሁት። በየኅዳሩ ነቀዝ እንዳይገባ የምነሰንሰው መድኃኒት ነው፤ በገዛ እጄ የነሰነስሁት። ነቀዝን የሚገድል ሸርጣንን ምን ብሎ ይምራል? ማሽላው ክምር ላይ ተቀመጥሁ፤ ገዢው «እትዬ፣ አመመዎት?» እያለ ከውጭ ይጠራኛል።

አልዋሽም፤ ዝም ልበል ብዬ አስቤአለሁ። ማንም አላወቀ። እሱ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ጨርሷል። ሁለት ሰዓት ያህል በዚህ ሐሳብ ተቀመጥሁ፣ ለሁለት ገዢ የተሳሳተ ዕቃ ሰጠሁ። ከዚያ ጆንያውን ይዤ ገባሁ።

«ሽንፋ አይደለም የገደላቸው» አልሁት። «አሽትተው።»

አሸተተው። ጆንያውን አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣ፤ ሁለት ቀንም አላናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳልፍ ዓይኑን ይሰብራል፤ እኔም ስለ ግድግዳዬ ምንም ሳልናገር ዋልሁ።

ሐሙስ ጧት ሱቄ ገብቶ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ። ማሰሮው ውስጥ ግንዱ ቆሟል፤ አምስት መዳፎች አሉት፤ አምስቱም ተከፍተዋል። ጆንያ አልነካቸውም፤ አሸዋቸውን ግን በነዚያ አራት ቀናት ሳይቀር አረጥብ ነበር። ቢሆንም አይጨብጡም። መብራት ከጠፋበት ሰኞ ጀምሮ እንደተከፈቱ ቀርተዋል።

«ሕይወት አላቸው?» አልሁት።

«አላቸው።»

«ታዲያ ለምን ተዉ?»

«ሲሞቅም ይተዋሉ፤ ውኃው ሲለወጥም ይተዋሉ፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያትም ይተዋሉ። አላውቅም እትዬ።» ወደ በሩ እየዞረ «ዓሦቹ እኔ እስክደርስ የቆዩት በእርስዎ ጆግ ነው» አለኝ። ይቅርታው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ምናለ አንሥቶ ሰላም ካለ በኋላ ስልኩን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አደረገው። ከእጁ ነጠቅሁት።

«ያ ሐጅ፣ ሰዓዲያ እባላለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ነኝ። ትልቁ ሞቷል። የገደልሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጆንያውን፣ መብራቱን፣ ዚሩን፣ ሁሉንም ሳልተነፍስ ነገርኋቸው። ከማዶ የካይሮ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«የተረፈ የለም?» አሉ በመጨረሻ።

«አንድ ግንድ አለ። በእኔ ማሰሮ ውስጥ።»

«ይጨብጣል?»

ማሰሮውን አየሁ። ሰውዬው ዓይነ ስውር ናቸው፣ አገራቸውም ሩቅ ነው። አንድ «አዎ» ብላቸው ደስ ብሏቸው ይተኛሉ።

«አይጨብጥም ሐጅ። ተከፍቷል፣ ግን አይጨብጥም።»

«እህቴ» አሉኝ፣ «የዘሀቢያም እጅ አርባ ቀን አልተነቃነቀም። ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። እኔ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ክዳኑን አሥር ጊዜ ነው የማነሣው። በየጧቱ ከሱቁ በፊት ማሰሮውን ነው የምከፍተው። እስከ መስመሩ የዝናብ ውኃ እጨምራለሁ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ኩባያ ውኃ ቀድቼ ምናለ በለካው አዲስ ጨው ውኃ እተካለሁ፣ አሸዋውን አረጥባለሁ፣ እጄን በሳሙና ሳይሆን በውኃ ብቻ ታጥቤ እነካለሁ። የጎተራ ልብሴን ለብሼ አጠገቡ አልደርስም። ምናለ ዓሦቹን በባልዲው አቆይቶ፣ ትልቁን ሣጥን አጥቦ፣ ድንጋዩን ለውጦ፣ አዲስ ውኃ ሞልቶ ባዶውን ያዞረዋል፤ «ውኃው እስኪበስልና እስኪጠራ ነው» ይለኛል። ለሰሊጥ አረም ከደጋ የወረዱ የወሎ ልጆች ሱቄ ሲገቡ ማሰሮውን አይተው «ምንድን ነው?» ይሉኛል። «እርሾ» እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። በየዓርቡ ሐጁ ይጠይቃሉ፣ እኔ ወይም ምናለ «ገና ነው» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ።

እኔ ግን ጥያቄው አልተወኝም። ይህ ነገር ለምን ይጨብጣል? ብርሃን ለመያዝ ነው እንዳልል ብርሃን አይጨበጥም። ውኃውን ለማነቃነቅ ነው እንዳልል ሞተር አለው። የጤና ባለሙያውን ፈንቴን ብጠይቀው፣ ተምሬያለሁ የሚለው ሰው «እኔ እንጃ» አለኝ። ቢያንስ የማያውቀውን አላወራም።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ሙቀቱን ሰበረው። አንድ ማክሰኞ ጧት ውኃ ልጨምር ጎንበስ ስል፣ በግራ በኩል ያለው ትንሹ መዳፍ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ዓይኔ ነው ብዬ ነጠላዬን ከፊቴ ገፋሁ። ከፈተ። ቆየ። ጨበጠ።

«ምናለ!» ብዬ ጮኽሁ። አልነበረም፤ ፍሪጅ ሊጠግን ወጥቷል። የሐጁን ቁጥር ግን በከሰል ግድግዳዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በተራገፈው ቦታ ላይ። ደወልሁ።

«ማን ነው?» አሉ ሐጁ። ድምፄን ሲሰሙ «ዛሬ ጁምዓ አይደለም» አሉ። «ሞተ?»

«ጨበጠ ሐጅ።»

«የትኛው?»

«በግራ ያለው ትንሹ። አሁን ደግሞ ከጎኑ ያለው እየተከተለው ነው። ወላሂ አልዋሽም።»

«እንደማትዋሺማ አውቃለሁ» አሉ። «ቆይ እህቴ፣ ስልኩን ወደ ግራ እጄ ላዙረው፣ ቀኙ ባዶ ይሁን።» የጨርቅ መንኳሸት ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። «በይ አሁን። ሲከፍት ንገሪኝ፣ ሲጨብጥ ንገሪኝ።»

«ከፈተ» አልኋቸው። «ጨበጠ። ከፈተ።» ከማዶ ትንፋሻቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። «ጨበጠ። ከፈተ። ጨበጠ።»

ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆመ። በእጄ ቆይ አልሁት፤ ጥርሱን በመፋቂያ ፋቅ ፋቅ እያደረገ ቆሞ ጠበቀኝ።